ክሩ የገጠመው ሶሎኖይድ

«ሙቀቱ ዛሬ ትንሽ ቀለል አላለም፣ ማሩዬ?» አለች ረቢዓ። «ትናንትማ ፍየሎቹ ጥላ ፍለጋ ቦክሲ መኪናው ሥር ገብተው፣ ሾፌሩ ጡሩንባውን ቢነፋ ቢነፋ አንወጣም አሉት። ሞተሩ ሲነሣ ግን አንዷ ሳትቀር ውልቅ! ፍየል እንኳ አደጋ ሲመጣ ያውቃል… አይ፣ ፍየል ስላልተማረች ይሆናል።»

ማሩ አልመለሰም። ማሩ በመተማ ገበያ ትራክተር በመጠገን የታወቀ የጎጃም ሰው ነው። ዝም ያለው በከንፈሮቹ መካከል አራት የብሎን ሮንዴላ ነክሶ ስለነበር ነው። ከረቢዓ የመለዋወጫ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ከእንጨትና ከሣር በተሠራው ራኩባ ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ የትራክተር ውኃ ፓምፕ ፈትቷል። ሮንዴላውን መሬት ካስቀመጠው ፍየል ይረግጠዋል፣ አሸዋ ይውጠዋል፤ ስለዚህ ሥራው እስኪያልቅ ድረስ አፉ የዕቃ ሣጥኑ ነው። ረቢዓ ደግሞ ጥሩ አድማጭ የምትለው እንዲህ ያለውን ነው።

ከሁለቱ ትንሽ ራቅ ብሎ ባለው አግዳሚ ወንበር ላይ የሻረግ ተቀምጣለች። የሻረግ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቱ የፊዚክስ መምህርት ናት፤ ዕድሜዋ አርባ ሦስት ነው፤ ከደጋ ወደ ቆላ ከወረደች ዐሥራ ስምንት ዓመት አልፏታል። በእጇ የያዘችው የከርከዴ ብርጭቆ በረዶው ሟሙቶ ውኃ ሆኗል። ወደዚህ ሱቅ ስትመጣ ዛሬ ሦስተኛ ቀኗ ነው። ሐሙስ መጥታ የባትሪ ድንጋይ ገዛች። ዓርብ መጥታ ፊውዝ ገዛች፤ ቤቷ ውስጥ ግን የተቃጠለ ፊውዝ አልነበረም። ዛሬ ቅዳሜ የኤሌክትሪክ ናስትሮ ጠይቃ ተሰጣት፤ ናስትሮውን ጭኗ ላይ አስቀምጣ እስካሁን አልሄደችም። የመጣችው አንድ ነገር ልትናገር ነው፤ ነገሩ ግን ሦስት ቀን ሙሉ ከጉሮሮዋ አልወጣ ብሎ ዕቃ ያስገዛታል።

ነገሩ የጌች መኪና ነው። ጌች ድሮ ተማሪዋ ነበር፤ አሁን የሰሊጥ እርሻ መኪኖችን የሚጠግን የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነው። አንዲት አሮጌ ዲኤክስ ኮሮላ አለችው። ሁለት ዓመት ሙሉ ሞተሯን ሲፈታና ሲገጥም ኖሮ፣ ባለፈው ወር፣ የ2005 ዓ.ም. ሰሊጥ መታጨድ ሲጀምር፣ ከካርቱም ናይትረስ አስመጣላት። ናይትረስ በብረት ጠርሙስ ታምቆ የሚቀመጥ ጋዝ ነው፤ ሞተር ውስጥ ሲገባ መኪናን እንደ ወንጭፍ ድንጋይ ያስፈነጥራል። ጋዙ ወደ ሞተሩ የሚያልፈው በሶሎኖይድ ነው፤ ሶሎኖይድ ማለት ኤሌክትሪክ ሲነካው የሚከፈት፣ ሲለቀው የሚዘጋ ትንሽ የብረት በር ነው። ሁለት ያስፈልጋሉ፤ አንዱ ለጋዙ፣ አንዱ ለቤንዚኑ። የጌች ናይትረስ ደግሞ ጋዙን ቀስ በቀስ እየጨመረ የሚለቅ ዓይነት ስለሆነ፣ አንዲት ትንሽ ሣጥን ሁለቱን በሮች እንደ ዓይን ሽፋል ታርገበግባቸዋለች። ሣጥኗ መጣች፣ ጠርሙሱ መጣ፣ ቱቦው መጣ። ሁለቱ ሶሎኖይዶች ግን መንገድ ላይ ጠፉ።

ምትካቸው የተመረጠው እዚሁ ራኩባ ሥር ነው። ረቢዓ «ሦስት ሳምንት ታገሥ፤ ወንድሜ ሷሊህ ካርቱም ሲሄድ ለዚሁ ለጋዙ የተሠራውን ያምጣልህ» ብላው ነበር። ጌች ግን መምህርቱን ጠራ። የሻረግም ከመደርደሪያው ላይ ሁለት የሰሊጥ መድኃኒት መርጫ ማሽን ሶሎኖይዶች አንሥታ አንዱን ከቱቦው ጋር ጠመዘዘችው፤ ገጠመ። በቆላ ዕቃ የሚመረጠው እንዲህ ነው፤ የሱዳኑ ከህንዱ፣ የትራክተሩ ከወፍጮው የሚጋባው በክሩ፣ በመጠምዘዣ ጥርሱ ነው፤ ክሩ ከገጠመ ሌላው ዝርዝር ነው። ላዩ ላይ «12 ቮልት» የሚል ተጽፏል፤ የዲኤክሷም ባትሪ 12 ቮልት ነው። «ይሆናል» አለች የሻረግ። ረቢዓ አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት ደግሞ «ረቢዓ፣ ይሄ እኮ የፊዚክስ ጉዳይ ነው» ብላ ሳቀች። ጌች «ቲቸር ካሉ ልክ ነው!» ብሎ እጇን ሳመ።

ረቡዕ ዕለት ክፍል ውስጥ የማግኔትን ምዕራፍ ገለጠች። ከካርቶኑ የወጣውን የመመሪያ ወረቀት መጽሐፏ ውስጥ እንደ ዕልባት አድርጋው ነበር፤ የታችኛው ቀጭን መስመር ዓይኗ ውስጥ ገባ፦ ከዐሥር ባር በላይ ግፊት አይችልም፤ ቶሎ ቶሎ ለመክፈትና ለመዝጋት አይሆንም። የጌች ጠርሙስ ግፊት ከስድሳ ባር በላይ ነው። ወይ ግፊቱ በሩን ይሰብረዋል፣ ወይ የጋዙ በር ተከፍቶ የቤንዚኑ ይዘገይና ፒስተኑ ይቀልጣል፣ ሞተሩ ይነድዳል፤ ሞተሩ የሚነድደው ደግሞ ጌች እየነዳው ነው። ጠመኔውን አስቀምጣ ልጆቹን «አንብቡ» አለቻቸው።

ዛሬ በዘጠኝ ሰዓት ጌች ጠርሙሱን ሊወስድ ይመጣል። ጋዙ አንድ ጠርሙስ ብቻ ስለሆነ ለሙከራ እንኳ አልተነካም፤ ከሙቀት ይጠበቅ ተብሎ ረቢዓ ሱቅ ውስጥ ተቆልፎበታል። ከዚያ ከሸሕዲ ወጣ ብሎ በሚገኘው አሮጌ የመድኃኒት መርጫ አውሮፕላን ሜዳ ላይ፣ ከጎንደር ከመጣ ሰው ጋር ይሽቀዳደማል። አሁን ስምንት ሰዓት ተኩል ሆኗል።

«እና ማሩዬ» አለች ረቢዓ፣ አንድ ካርቶን ላይ ተደላድላ ተቀምጣ ፊቷን በወረቀት እያራገበች፣ «ትምህርት ስል አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እኔ አራተኛ ክፍል ላይ ነው ያቆምኩት። አባቴ፣ አላህ ይማረውና፣ ‹የተማረ ይግደለኝ› ማለት ይወድ ነበር። ትልቅ ሰው ነበር፣ ምኞቱም ትልቅ ነበር። ግን ሁልጊዜ የሚከነክነኝ… ይህን ያለው የመጀመሪያው ሰውዬ መጨረሻው ምን ሆነ? አንተ ሰምተሃል?… አልሰማህም። እኔም አልሰማሁ። ተሳክቶለት ይሆናላ!»

ማሩ በአፍንጫው ሳቀ፤ ሮንዴላዎቹ ተንቀጫቀጩ።

የሻረግ ጨዋታው ወዴት እንደሚሄድ ገባት። ከረቢዓ ጋር ዐሥራ ስምንት ዓመት ተጎራብተዋል፤ ረቢዓ አንድን ሰው ስትወጋ ሌላውን ሰው እያየች እንደሆነ ታውቃለች። የአሽሙርን ሕግም ታውቃለች፤ በዚያ አገር የማያውቀው የለም። ስም ካልተጠራ የተነካ ሰው የለም፤ የመለሰ ግን ነገሩን ወሰደው፣ ባለቤቱ ሆነ። «እኔን ነው?» ያለ ሰው «ለካ አንቺ ነሽ!» ይባላል፤ ያለቀለት ያን ጊዜ ነው። ስለዚህ የሻረግ ወደ ገበያው አየች። ከእርሻ የሚመለሱ ሳሉጎች፣ አጨዳው አልቆ ወደ ደጋ የሚሳፈሩ የቀን ሠራተኞች፣ ቋጠሯቸውን ይዘው የሸሕዲን ሚኒባስ ይጠብቃሉ። ጉዳያቸው መሄድ ብቻ ስለሆነ ቀናችባቸው።

«በተማረ ሰውማ አልቀልድም» ቀጠለች ረቢዓ። «በአብደራፊ በኩል ነው አሉ፣ አንድ ትልቅ ሰው አሉ። እኛ ሰፈር አይደለም፤ እኛ እንዲህ ያለ ዕድል የት አለን? ሴት ይሁኑ ወንድ አልነገሩኝም፤ ብቻ ‹እሳቸው› ናቸው። እሳቸው እኮ ዕቃ ሲመርጡ ማየት ነው አሉ! እኛ ነጋዴዎቹ ሞኞቹ ወረቀት እናገላብጣለን፣ ፊቱን እናያለን፣ ጀርባውን እናያለን፣ የሚያውቅ ሰው እንጠይቃለን… ጊዜ ይባክናል። እሳቸው ክሩን ጠምዘዝ፤ ገጠመ? ገጠመ። አለቀ! ላዩ ላይ ‹ዐሥራ ሁለት› ይላል? ይላል። በቃ፣ ከዐሥራ ሁለት በላይ ምን ትፈልጋለህ? ዓመቱም ዐሥራ ሁለት ወር ነው…»

ቆም አለች። ማራገቢያዋንም አቆመችው።

«ጳጉሜ ትቅር እንዴ ትለኝ ይሆናል። ኧረ ተው፣ ጳጉሜን ማን ይቆጥራታል! ከታች ናት፣ መጨረሻ ላይ፣ ቀጭን መስመር። ትልቅ ሰው ቀጭን መስመር አያነብም፤ ዓይን ያደክማል።»

የሻረግ ከርከዴውን ስትጎነጭ ትን አላት። ሳሏን ዋጠችው፤ ሳልም መልስ ሊመስል ይችላል። ቀጭን መስመር? ቀጭኑን መስመር ረቢዓ ከየት አመጣችው? ወረቀቱ እኮ መጽሐፍ ውስጥ ነው፤ ለማንም አላሳየችም። ለጎረቤት ቀርቶ ለራሷም ሁለተኛ ገልጣ አላነበበችውም፤ ካላነበቡት የሚጠፋ ይመስል።

«የሸጠችላቸውም ሴት አለች አሉ» አለች ረቢዓ እንደገና ማራገብ ጀምራ። «ምስኪን ነጋዴ ናት። አንድ ነገር ልበል ስትል፣ ያ ትልቅ ሰው ሳቅ ብለው፣ ‹ይሄ የእኛ ጉዳይ ነው› አሏት። እንዴት ያለ ትሕትና ነው! ሌላው ቢሆን ‹አንቺ ደንቆሮ› ይላል እኮ። እሳቸው ግን ሳቁ ብቻ። ሴትዮዋም እስከ ዛሬ ድረስ ያን ሳቅ ይዛዋለች፤ እንዳይበላሽባት ቀዝቃዛ ቦታ ነው ያስቀመጠችው።»

እዚህ ላይ ድምፅዋ ውስጥ አንድ ነገር ሻከረ። ወዲያው ግን ሳቀች፤ ማሩን ጎሸም ልታደርገው ፈልጋ፣ ከካርቶኑ ሳትነሣ እግሯን ብቻ ዘርግታ በጫማዋ ነካችው።

«ይልቅስ ይሄ ወረቀት እንዴት ያለ ማራገቢያ ወጣው! ሁለት ካርቶን ውስጥ ሁለት ወረቀት ነበር፤ አንዱን የወሰደው ወሰደው፣ አንዱ ለእኔ ቀረ። ፊቱ በፈረንጅ አፍ ነው፤ እሱን አላውቅም። ጀርባው ግን በዐረብኛ ነው። ዐረብኛውን ሼኩ በኸልዋ፣ በቁርኣን ቤት፣ በአርጩሜ ነው ያስተማሩኝ፤ በአርጩሜ የተማረ ደግሞ ታች ድረስ ያነባል… ተማሪ ቤት የሚገረፍ የለም መሰለኝ አሁን?»

የሻረግ ለመጀመሪያ ጊዜ ማራገቢያውን አየችው። እሱ ነው። አራት ቦታ የታጠፈ፣ ጥግ ላይ ሰማያዊ መስመር ያለው፣ እሷ መጽሐፍ ውስጥ ያለው የወረቀቱ መንትያ። ዐሥራ ስምንት ዓመት ስለ ብርሃንና ስለ ጥላ ስታስተምር፣ ወረቀት ጀርባ እንዳለው ረስታ ኖራለች። ረቢዓ ያን ቀን አፏን የከፈተችው ይህንኑ ልትላት ነበር፤ ያን ጊዜ ነው የሳቀችባት። 

«አንተ ባለሙያ ነህ፣ ፍረደኝ እስቲ» አለች ረቢዓ ለማሩ። «የትራክተርህ ሶሎኖይድ ጠዋት ይከፈታል፣ ማታ ይዘጋል። እንደ ገበሬ ነው፤ ወጥቶ ይውላል፣ መሽቶ ይገባል። የመርጫውም ያው ነው፤ የዋህ ነው፣ መድኃኒት ሲያንጠባጥብ ይውላል። ታዲያ ይህን የዋህ ወስደህ ስድሳ ሰው በሩን እየገፋበት፣ ‹በል በሰኮንድ ሃያ ጊዜ ተከፈት፣ ሃያ ጊዜ ተዘጋ› ብትለው… ይችላል? ይሞክራል እኮ! ባለጌ አይደለም፣ ይሞክራል። ይግላል፣ ያብጣል፣ ከዚያ እንደ ተከፈተ ይቀራል። ወይም እንደ ተዘጋ።»

ማሩ «አይችልም» በሚል ራሱን ነቀነቀ፤ በሙያው ቀልድ አያውቅም።

«ሰውስ ቢሆን? አንዳንዱ አፉ አንዴ ከተከፈተ አይዘጋም፤ እኔን ነው፣ እወቀው፣ አልቀየምም። አንዳንዱ ደግሞ ‹ይሄ የእኛ ጉዳይ ነው› ለማለት ብልጭ ብሎ ይከፈትና፣ ‹ተሳስቻለሁ› ለማለት ሲሆን ግን… ወላሂ ስድሳ ባር ቢገፋው ንቅንቅ አይልም! ሦስት ቀን ግፊቱ ሲጨምር፣ አንዲት ጠብታ አላፈሰሰም! ጥራት ማለት ይህ ነው፣ ማሩዬ። እኛ ካርቱም ድረስ ለፍተን የምንፈልገው የማያፈስ ዕቃ እዚሁ አግዳሚ ላይ… እ፣ እዚያው አብደራፊ ላይ ተቀምጦ። ምነው ያ ልጅ ያን አፍ ለጋዙ በገጠመው! ሞተሩ መቶ ዓመት ይኖር ነበር።»

የሻረግ ሳቅ ሊያመልጣት ነበር። ከንፈሯን ነክሳ መለሰችው፤ በጣም ያሳፈራትም ይኸው ነው። ሞታ ልትቀበር የሚገባት ሰዓት ላይ ጨዋታው ደስ አላት። ደግሞም ልክ ነበር፤ ራሷ ብትፈተን ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ አትሰጥም።

ሦስት ቀን መስታወት ፊት ቆማ ተለማምዳዋለች፦ ጌች፣ አንድ ነገር ልንገርህ። እስከዚህ ቀላል ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ነው ያስቸገራት። በዚህ ከተማ የሐኪም ማዘዣ እሷ ዘንድ ነው የሚመጣው፣ የፍርድ ቤት ደብዳቤ እሷ ዘንድ ነው የሚነበበው፣ የትራንስፎርመሩ ፊውዝ ሲቃጠል መብራት ኃይል ሳይጠራ እሷ ናት የምትጠራው። ሰው ቤቱን የሠራው እሷ «ይሆናል» ባለችው ላይ ነው። አንዱን «ይሆናል» ብትመዝዘው የትኛው ይቆማል? እንዲህ እያለች ታስባለች። እያሰበችም እውነተኛው ምክንያት ከዚህ በጣም ያነሰ እንደሆነ ታውቃለች፤ ያን ቀን ስቃለች፣ በሳቀችበት ሰው ፊት «ተሳስቻለሁ» ማለት አቃታት። ይኸው ነው።

«ዝም አይነቅዝም ይላሉ» አለች ረቢዓ፣ ሐሳቧን የሰማች ያህል። «እውነታቸውን ነው። ዝምታው ራሱ አይነቅዝም፤ የሚነቅዘው አጠገቡ የተቀመጠው ነው። ደግሞ ‹አንገት ደፊ አገር አጥፊ› ይላሉ። ይሄስ ስም ማጥፋት ነው! አንገቱን የደፋ ሰው ከየት አቅም አምጥቶ ነው አገር የሚያጠፋው? ቢበዛ ቢበዛ… አንዲት ዲኤክስ።»

የሻረግ ደፍታው የነበረውን አንገቷን ቀና አደረገች። ቀና ማለቷ መልስ እንዳይመስልባት ደግሞ መልሳ ደፋችው።

«‹ታዲያ አንቺ ለምን ለልጁ አትነግሪውም?› ትለኝ ይሆናል፣ አፍህ ባዶ ቢሆን። እኔ? እኔ ብናገር ማን ያምነኛል? ‹ነጋዴ ናት፣ ውድ ውዱን ልታሸክመኝ ነው› ይላል። ልክ ነው፣ ልማዴ ነው። ያ ልጅ የሚያምነው አንድ አፍ ብቻ ነው። አላህ ያውቃል፣ ሷሊህ ሐሙስ ከካርቱም ገብቷል፤ ማንም ያላዘዘው ዕቃ አምጥቷል። ሞኟ እኔ ነኝ ያዘዝኩት። ሁለት ትንንሽ ነገሮች… ተቀምጬባቸዋለሁ። አትሣቅ! ካርቶኑ ለመቀመጫ ይመቻል። የጠየቀ ሰው ቢኖር እነሣ ነበር፤ ግን ማን ይጠይቃል? ሁሉም ተምሮ ጨረሰ።»

የሻረግ ካርቶኑን አየች። ረቢዓ በተከናነበችው የሱዳን ቶብ ጫፍ ሥር አንድ ጎኑ ብቻ ይታያል። አሁን ተነሥታ ሁለት እርምጃ ብትሄድ ያልቃል። ግን ተነሥታ ምን ትላለች? የናስትሮውን ጥቅል ጫፉን ፈልጋ መላጥ ጀመረች፤ ላጠችው፣ መልሳ ለጠፈችው፣ ላጠችው።

የዲኤክሷ ድምፅ የተሰማው ያን ጊዜ ነው። ከኮኪት መንገድ በኩል፣ ሞተሯ እንደ ተቆጣ ሰው እያጉረመረመ መጣች፤ ፍየሎቹ አንድ ሳይቀሩ መንገዱን ለቀቁ። ጌች መኪናዋን አዙሮ ጀርባዋን ለራኩባው ሰጥቶ አቆማት። በኋላ መስታወቷ ላይ ከዳር እስከ ዳር በቢጫ ቀለም፣ በሚያምር የቁም ጽሕፈት ተጽፎባታል፦

ቲቸር ካሉ ልክ ነው

«ቲቸር!» አለ ጌች ዘሎ ወርዶ። «እዚህ ነዎት? ቤትዎ ድረስ ሄጄ ነበር እኮ! አዩት? ሸሕዲ ድረስ ሄጄ ነው ያስጻፍኩት። ጸሐፊውን ፊደል እንዳትሳሳት ብዬ ሁለቴ አስደገምኩት፤ ‹የመምህሬ ነው› አልኩት። ጎንደሬው ከኋላዬ ሆኖ ሲያነበው ይውላታል! እትዬ ረቢዓ፣ በይ ጠርሙሷን ስጪኝ፣ ሰዓት ሄደብኝ።»

የሻረግ አፏን ከፈተች። «ጌች» ልትል ነበር። የላጠችውን ናስትሮ ግን መልሳ ለጠፈችው።

«ቁልፉ…» አለች ረቢዓ ከካርቶኑ ሳትነሣ። የሱቁ ቁልፍ በጥቁር ክር አንገቷ ላይ ተንጠልጥሏል፤ እሷ ግን የቶቧን እጥፋት ትዳብሳለች። «ቁልፉ የት ገባ ማሩዬ? ዕድሜ እኮ ነው። እስኪገኝ ጽሑፉን እንይ። አያምርም? ሌላው ሾፌር ‹እግዚአብሔር ይመስገን› ይጽፋል፣ ‹አላህ ከሪም› ይጽፋል፤ ሁሉም የሚታመንበትን ነው የሚጽፈው። ደግሞ ከኋላ መሆኑ! ከኋላ የሚመጣ ሁሉ ያነበዋል። መኪና ናትና፣ አላህ አያምጣውና፣ ሜዳ ላይ ቀጥ ብትል፣ ጭስ ቢጤ ቢታይ… ሊያወጣው የሚሮጥ ሰው መጀመሪያ የሚያነበው ይሄንኑ ነው። ማን መረጠለት፣ ማን አለው ብሎ ጥያቄ የለ፣ ምርመራ የለ። ተጽፏል! ሥርዓት ማለት ይህ ነው።»

ጌች እየሳቀ «ኧረ ቁልፉ አንገትሽ ላይ ነው፣ እትዬ!» አላት።

«ውይ፣ አንተ ዓይናማ! ለካ አንገቴ ላይ ነው የምትዞረው። ሰው እኮ እላዩ ላይ ያለውን ነገር ሦስት ቀን ሲፈልግ ይከርማል።» ክሩን በጭንቅላቷ አወጣችው፤ ቁልፉን ግን በመዳፏ ጨበጠችው። «‹ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል› ይል ነበር አባቴ። ለእሽቅድምድም ሰው ጥሩ ምክር አይደለም፣ ማሩዬ? ሲቀመጡ የታጠቁትስ መቼ ነው የሚፈታው… እንጃ፣ ይሄን አልነገረኝም።»

ጌች እጁን ዘረጋ። ረቢዓ ቁልፉን ወደ እጁ አስጠጋችና መልሳ ሳበችው።

«ቆይ። ከሱቄ ዕቃ ሲወጣ ሳልመርቅ አይወጣም። አንተን አይደለም፣ አንተ በመምህርህ የተመረቅህ ነህ። ለማሩ ሳወራለት የነበረ አንድ የአብደራፊ ትልቅ ሰው አሉ፤ ዛሬ እሳቸውን ልመርቅ። ከልቤ ነው ደግሞ።»

ማራገቢያውን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው፤ ጀርባው፣ የዐረብኛው ጽሑፍ፣ ወደ ላይ ሆነ። ሁለት መዳፎቿን ወደ ሰማይ ዘረጋች፤ ቁልፉ በአንደኛው ላይ ያበራል። ጨዋታው ከፊቷ ጠፋ፤ ድምፅዋ እንደ እናት ድምፅ ለሰለሰ።

«ዕድሜያቸውን ያርዝመው። ጤናቸውን ይስጣቸው። እጃቸው የነካው ሁሉ ክሩ ይግጠምላቸው። ካፋቸው የወጣ መሬት አይውደቅ። እሳቸው ያሉትን ሳያገላብጥ፣ ጀርባውን ሳያይ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ‹እሳቸው ካሉ ልክ ነው› ብሎ ነፍሱን የሚሰጣቸው ልጅ… ዛሬም፣ ከዛሬ ማታም በኋላ… አይጥፋባቸው።»



በዚያ አገር ምርቃት ያለ አሜን አይታለፍም። አሜን ያልተባለበት ምርቃት መሬት ይወድቃል ይባላል፤ አሜን የሚለው ደግሞ የተመረቀው ሰው ነው። ማሩ አፉ ሙሉ ነው፤ ቀና ብሎ ያያል። ጌች ምርቃቱ የማን እንደሆነ ስላላወቀ፣ እጁን እንደ ዘረጋ፣ ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። የረቢዓ መዳፎች እንደ ተዘረጉ ናቸው፤ አልታጠፉም፣ አልቸኮሉም። የናስትሮው ጥቅል ከየሻረግ ጭን ወድቆ አሸዋው ላይ ተንከባለለ።

የሻረግ ተነሣች።

«አሜን» አለች፤ ጌች እንዲሰማ፣ ጮክ ብላ።

ጌች ዞረ። ፈገግታው ፊቱ ላይ እንዳለ ነው፤ ዓይኖቹ ግን ከመምህርቱ ወደ ረቢዓ፣ ከረቢዓ ወደ መኪናዋ መሄድ ጀመሩ። ማሩ አራቱን ሮንዴላዎች አንድ በአንድ መዳፉ ላይ ተፋቸው። ረቢዓም ምንም ሳትናገር፣ ቶቧን ሰብስባ፣ ከተቀመጠችበት ካርቶን ላይ ተነሣች።